ባትሪዬን ማን በላው?

ጎንደር፣ አራዳ
ቅዳሜ፣ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ ለሰልማ ሸሪፍ
አንካራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ ይህ ወረቀት ጤናሽ ተሟልቶ፣ ካልሲ ደርበሽ፣ ቁርስሽን በልተሽ ያግኝሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ ከእኔ ጋር ታርቃለች። ከታረቀችኝ ገና ዘጠኝ ቀኗ ስለሆነ ግን ወጡን አሁንም በጣቴ ጫፍ ሳልቀምስ አልጎርስም። ምክንያቱን ትደርሺበታለሽ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ጥር ዘጠኝ ቀን ጀውሃር የላካቸው ሽማግሌዎች ከደጄ ቆመው የተመለሱት ልጁን ጠልቼ አይደለም። ማን እንደሆኑም፣ ለምን እንደመጡም አላወቅኩም ነበር። መልእክትሽን አልሰማሁትም ነበር። ይህን ያዢና አሁን ሻይሽን ቀድተሽ፣ ተረጋግተሽ አንብቢ። የመጨረሻውን ገጽ አስቀድመሽ እንዳትገልጪ፤ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነሽ፣ ጨርቅ ከጫፉ ጀምሮ እንደሚለካ ታውቂያለሽ።

«ታዲያ ምነው በስልክ አልነገረኝም?» ትዪ ይሆናል። ደውዬልሽ የለ? ሦስት ጊዜ ደወልኩ። «አቤት አባዬ» ስትዪኝ ምላሴ ተሳሰረብኝ። «ብርዱ እንዴት ነው?» አልኩሽና ዘጋሁ። በሁለተኛውም ስለ ብርድ ጠየቅኩሽ። በሦስተኛው እናትሽ አጠገቤ ቆማ በክርኗ ብትጎስመኝም ከአፌ የወጣው ያው ብርድ ነው። በመጨረሻ ስልኩን ነጥቃኝ «አባትሽ ይጽፍልሻል፤ እስከዚያ ምንም እንዳትወስኚ» ያለችሽ ለዚህ ነው። ጎረቤታችን ነጃት ነገ ለሸቀጥ ወደ ኢስታንቡል ትሄዳለች፤ ወረቀቱን ከዚያ በፖስታ ትልክልሻለች።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ስልኬ ከዐስር ሶላት በፊት ይሞታል። አንድ ደንበኛ «ከኋላ ክፍት የሆነ አፕ ሁሉ ባትሪ ይጠጣል፣ ሜሞሪም ይሞላል፤ በአውራ ጣትህ ወደ ላይ እየጠረግህ ጣለው» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩ ለጠባዬ ተስማማኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሱቄን ሁለት ጊዜ ሳልቆልፍ፣ ቁልፉንም ሳልጎትት ሄጄ አላውቅም። ካልኩሌተሩን እጠርጋለሁ፣ የሶላት ሰዓቱን እጠርጋለሁ፣ አንቺ የጫንሽልኝን ሰማያዊውን አፕ ከአንቺ ጋር አውርተን እንደጨረስን እጠርጋለሁ። በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢ የሚባለውንም አብርቼ ተውኩት። እኔ ብቻ ብሆን ጥሩ ነበር፤ የአራዳን የጨርቅ ተራ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ አስተማርኩ። «ሸሪፍ ሊቅ ሆኗል» አሉኝ። ደስ አለኝ።

ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ሰማያዊው አልጮኸም። ራሴ ከፍቼው አላውቅም፤ የፈለገኝ ይጮህልኛል ነበር ሕጌ። ፈተና ላይ ናት እያልኩ ለራሴ ተናገርኩ። እናትሽ ጋ ስትደውዪም «ለአባዬ ሰላም በይልኝ» ብቻ እንደምትዪ ሰምቻለሁ፤ ይህንንም ለፈተናው ሰጠሁት።

ከጥምቀት በፊት ያለው ቅዳሜ ሱቃችን ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነውና ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁሉ ነጭ ፍለጋ ይወጣሉ፤ እጄ ከሜትር አይለይም። በዚያ ግርግር መሀል ሦስት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው ጥምጣም የጠመጠሙ ሼህ፣ ሁለተኛው ረጅም ዘንግ የያዙ ገበሬ፣ ሦስተኛው ከመሳል በቀር አንድ ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው።

«ሸሪፍ የምትባለው አንተ ነህ?» አሉ ባለ ዘንጉ።

«ነኝ፣ አያ። ጋቢ ነው ቡሉኮ?»

ሰውዬው ሼሁን አዩ። ሼሁ መሬት መሬት አዩ። «ከድብ ባሕር ነው የመጣነ» አሉ ባለ ዘንጉ ቀስ ብለው። «ለአንድ ጉዳይ ነበር።»

«ከድብ ባሕር ድረስማ ለቀላል ነገር አይመጣም! ቆዩ፣ የደጋ ብርድ የሚመክት ጋቢ አለኝ» ብዬ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ እንደቆሙ ናቸው፤ ገበያተኛው በግራ በቀኝ ይጋፋቸዋል። አዘንኩላቸው። አዝኜም ይህን ቃል ተናገርኩ፦ «ይቅርታ አድርጉልኝ አባቶቼ፣ ዛሬ እንኳ መቀመጫ የለም።»

ልጄ፣ ለስንቱ ቤት ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ የልጅቱ አባት «ተቀመጡ» ካለ ነገሩ እንደሚከፈት፣ ካላለ በመጡበት እንደሚመለሱ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ዕለት ግን መሰላል ላይ ሆኜ፣ ጋቢ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት እምቢ አልኳቸው። እነሱም ጨዋ ስለሆኑ ባዶ እጃቸውን አልወጡም፤ ሦስቱም ሦስት ጋቢ ገዙኝ። ዋጋ እንኳ አልተከራከሩም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ የድብ ባሕር ሰው ሳይከራከር ጋቢ ገዝቶ አያውቅም።

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እናትሽ ተለወጠችብኝ። ሻዩ ያለ ስኳር፣ ወጡ ያለ ጨው ይቀርባል። ስጠይቃት «ጨው አልቋል» ትላለች፤ እኔ ግን ጨዉን መደርደሪያው ላይ አየዋለሁ። የጓሮው ቧንቧ ስለሚያንጠባጥብ የተቆጣች መሰለኝና አሠራሁት። አልሆነም። የጓዳውን በር ቀለም ቀባሁት። አልሆነም። ለካ አንቺ መልእክት እንደላክሽልኝ ታውቅ ኖሯል፤ አባት ሳያነሳው እናት አታነሳውም ብላ ይዛው ኖሯል። ስምንት ቀን አልጫ በላሁ።

በዘጠነኛው ቀን አንቺ ደውለሽ «ለጀውሃር ነገሩ ቀርቷል አልኩት» ብለሽ አለቀስሽባት። ስልኩን እንደዘጋች እኔ ወዳለሁበት መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ልብህ እንዲህ ጨከነ?»

«ምን አደረግኩ ሰኪና? በሩን ቀባሁ እኮ!»

«በሩን ተወው! ልጂቱ በድምጿ ለምናህ፣ ሽማግሌ ከድብ ባሕር ድረስ መጥቶልህ፣ ጋቢ ሸጠህ ትመልሳቸዋለህ?»

ጋቢ የሚለውን ስሰማ የቀባሁት በር ላይ ተደገፍኩ። ቀለሙ አሁንም ኮቴ ላይ አለ። ስልኬን አወጣሁ፣ የማላውቀውን ሁሉ ነካካሁ፣ ስልኩም ጭራሽ ወደ ዐረብኛ ተቀየረ። ቁርአን ስቀራ ያረጀሁ ሰው ስልኬን ማንበብ አቃተኝ።

በነጋታው ጠዋት ከእናትሽ ጋር ባጃጅ ይዘን ፒያሳ ወረድን፤ የእህቴ ልጅ ሱሀይብ ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ። ሰማያዊውን ሲከፍተው የአንቺ መልእክቶች ተደርድረው ይጠብቁኝ ነበር። ወንበር ሰጠኝና ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«አባዬ፣ ጀውሃር የሚባል ልጅ ነው። የድብ ባሕር ልጅ ነው፤ እዚህ የውሃ ምህንድስና ይማራል። ለእኔ በስልክ ምንም አትመልስልኝ፣ አፍራለሁ። ከጥምቀት በፊት ሽማግሌ ይመጣል። ከወደድከው ተቀመጡ በላቸው። ካልወደድከው ቆመው ይመለሱ፤ እኔም ደግሜ አላነሳውም።»

የመጨረሻው ደግሞ የጥምቀት ዕለት የላክሽው ነው። «ገብቶኛል፣ አባዬ። አልተቀየምኩም።»

ይህችን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ሱሀይብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረልኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ልጄ፣ ብትቆጪኝ፣ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ደስታሽን ለእኔ ክብር ብለሽ አጣጥፈሽ አስቀመጥሽው፤ እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ትንሽ ባትሪ አተርፋለሁ ብዬ ድምፅሽን ዘግቼበት ከርሜያለሁ።

ሱሀይብን ተቆጣሁት፤ ሌላ የምቆጣው ሰው አልነበረማ። «ባትሪ ለመቆጠብ ነው የዘጋሁት!» አልኩት።

«አጎቴ፣ አይቆጥብም እኮ» አለኝ። «እንዲያውም ደግመህ ስትከፍተው ከሥሩ ስለሚነሳ የበለጠ ይበላል።»

«የተዘጋ ነገር ምን ይበላል? የሚበላው ክፍቱ ነው እንጂ!»

«እስቲ ልጠይቅህ። ለደንበኛ ያወረድከውን ጣቃ፣ ሰውዬው አይቶ ሲወጣ ወዲያው መጋዘን ትመልሰዋለህ?»

«ለምን ብዬ? ባንኮኒው ላይ አጥፌ አኖረዋለሁ፤ ሌላ ሰው ይጠይቀኛል።»

«ባንኮኒው ሲጠብህስ?»

«የማይፈለገውን አነሳለሁ።»

«ስልኩም ይኸንኑ ነው የሚያደርገው። ሜሞሪ ማለት ባንኮኒ ነው፤ ባዶ ቢሆን አያተርፍልህም፣ ሲጠበው ራሱ ያነሳል። አንተ ግን በየደቂቃው መጋዘን ስትመልስበት ከረምክ። ደርቆ የቀረ፣ አልታዘዝ ያለ አፕ ካለ ዝጋው፤ ጤነኛውን ተወው። ደግሞ ይሄ ስልክህ ባትሪ ቆጣቢው በርቶ ጠርገህ ስትጥል ጭራሹን ይዘጋዋል፤ ራስህ እስክትከፍተው ድረስ መልእክት ቢመጣም አይጮህልህም።»

«ታዲያ ባትሪዬን ማን በላው?» አልኩ። ነጋዴ ነኝ፣ የጎደለ ነገር በላተኛው ካልታወቀ አይዋጥልኝም።

«እሱማ እዚሁ ተጽፏል» ብሎ አንድ ገጽ ከፈተ። ባትሪውን ማን ማን እንደበላው ስልኩ ራሱ መዝግቦ ይይዛል ለካ። «ሰማያዊው ከመቶ ሁለት እንኳ አልበላም። የስክሪኑ ብርሃን ጣሪያ ደርሷል፣ እሱ ይበላል። በድንጋይ በተሠራው ሱቅህ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚደክም ስልኩ ሲፈልግ ይውላል፣ እሱም ይበላል። ዋናው ግን ቪዲዮ ነው። ከመቶ ስድሳ አንዱ ቪዲዮ ነው፣ አጎቴ።»

«ምን ቪዲዮ?» አለች እናትሽ።

«ተወው» አልኩት። አልተወውም። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ፣ ቃል ሳይናገር፣ የአንካራን መንገድ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄዳል። ከሥሩ ሌላ አንካራ። ከሥሩ አንካራ በረዶ ሲዘንብባት። ከሥሩ የአንካራ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ሲወርዱ።

«የቱርክ ጨርቅ ዋጋ ላጥና ብዬ ነው» አልኩ።

«አጎቴ፣ ጨርቅ ቤት እኮ አይታይም» አለ ሱሀይብ። ጨዋ ነው ያልኩትን እዚህ ላይ ቀንሺለት።

 በባጃጅ ስንመለስ እናትሽ እጄን ያዘችኝ፣ አራዳ እስክንደርስም አልለቀቀችኝም። የዚያን ዕለት ራት ጨው ነበረው።

እሑድ ወደ ድብ ባሕር ወጣሁ። ባለ ዘንጉ ሰው አያ ሐብተ ማርያም ይባላሉ፤ የጀውሃር አባት ጎረቤት ናቸው። ሼሁ ሼህ እንድሪስ፣ የልጁ አጎት ናቸው። ዝምተኛውም አሉ። ሦስቱንም ያገኘኋቸው አውድማ ላይ ገብስ ሲወቃ ነው፤ አያ ሐብተ ማርያም ያን ጋቢ ለብሰውታል።

«ምነው፣ ቁጭ በል እንጂ ሸሪፍ!» አሉኝ።

«እናንተ ከደጄ ቆማችሁ ተመልሳችኋል። ይቅር እስክትሉኝ እኔም አልቀመጥም» አልኩ። ቆሜም ከአውራ ጣቴ ጀምሬ እስከ ባንኮኒው ድረስ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሼህ እንድሪስ ሳቃቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ሸፈኑ። አያ ሐብተ ማርያም ግን ዘንጋቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«እንግዲያ ማታ ማታ ቀንበር እየሰበርህ፣ ጠዋት ጠዋት አዲስ ስትጠርብ ነዋ የከረምኸው!» አሉኝ። «በል ይቅር ብለንሃል፣ ተቀመጥ። ጋቢው እንደሁ ሸጋ ነው።»

ያኔ ዝምተኛው ሰውዬ ሳላቸውን ገታ አድርገው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ውድ ነው» አሉ።

ስለ ጀውሃርም ጠየቅኩ፤ መጠየቅ የአባት ነው። እዚያው መንደር ውስጥ አንዲት ባልቴት፣ ክረምት ለእረፍት በመጣ ቁጥር የመንደሩን የውሃ ፓምፕ እሱ እንደሚጠግነው፣ እጁ በግሪስ ጠቁሮ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ እንደሚሄድ ነገሩኝ። ሌላ ሰው አልጠየቅኩም።

የሱሀይብን ነገር ግን ዝም ብዬ አላመንኩም፤ አባትሽን ታውቂዋለሽ። ሰኞ የአንካራውን መንገደኛ አንድ ሰዓት ብቻ አይቼ፣ እንደ ልማዴ ሁሉንም እየጠረግኩ ዋልኩ፤ ዐስር ሲደርስ ከመቶ አርባ አንድ ቀርቶታል። ማክሰኞም ያንኑ ያህል አይቼ፣ አንድም ሳልዘጋ ዋልኩ፤ በዚያው ሰዓት አርባ ስድስት። እናትሽ ምስክር ናት፣ የጨርቅ ዋጋ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋዋለች። ረቡዕ ብርሃኑን ዝቅ አድርጌ፣ የአንካራውንም መንገደኛ አሳርፌ ዋልኩ፤ ስድሳ ሦስት። ከዚያ በኋላ ተራውን ሱቅ ለሱቅ ዞሬ «አትዝጉ፣ ተሳስቼ ነው» አልኩ። «ትናንት ዝጉ ያልከን አንተ፣ ዛሬ ክፈቱ የምትለን አንተ» እያሉ እስካሁን ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ሐሙስ ወደ አንካራው መንገደኛ ተመለስኩ፤ ሳልቆጥብ አየሁት። ስልኩ ከዐስር በፊት ሞተ። አልቆጨኝም።

ትናንት ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደገና መጡ፤ በዚህኛው ወደ ቤት። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ወንበር ከሳሎን አውጥቼ በር ላይ ደርድሬ፣ አቧራውን ሦስት ጊዜ ጠርጌ ስጠብቅ ነበር። እናትሽ ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች። ከሩቅ አያ ሐብተ ማርያምን በዘንጋቸው አወቅኳቸው። ገና ሰላምታ ሳይሰጡ፣ ገና ሼህ እንድሪስ ዱዓቸውን ሳይከፍቱ፣ አላስቻለኝም።

«ተቀመጡ!» አልኩ።

«ኧረ ገና ጉዳያችንን አልነገርንህም» አሉ አያ ሐብተ ማርያም።

«ተቀመጡ!»

«ሥርዓቱ እንዲህ አይደለም እኮ፣ ሸሪፍ...»

«ተቀመጡ አልኩ!» ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩ መሰለኝ። ከመጋረጃው ኋላ እልልታው ቀለጠ።

ልጄ፣ ሦስቱም ተቀምጠዋል። ኒካሑ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ በሰኔ ስትመጡ እዚሁ ይሆናል፤ የረመዳንን ጾም በሰላም አስጨርሶን፣ ዒዱን አሳይቶን። ለጀውሃር ቀርቷል ያልሽውን አንቺው አንሽለት። አባቴ ለሽማግሌ ጋቢ ሸጦ ቢመልስም ልቡ እንዲያ አይደለም በይው። ሲመጣ የጓሯችንን ቧንቧ ያይልኛል፤ አሠራሁት ያልኩሽ እንደገና ያንጠባጥባል።

አላህ የያዛችሁትን ያሳምርላችሁ። እጃችሁ የነካው ይባረክ፣ ቤታችሁ ሰው የማያልፈው፣ ሁልጊዜ መቀመጫ ያለው ቤት ይሁን። እናትሽ «ጉንጯን ስሜያታለሁ በልልኝ» ብላኛለች፤ እኔም።

አባትሽ
ሸሪፍ

ወረቀቱን ካጠፍኩ በኋላ የጨመርኩት፦ መብራት የለም፣ ስልኩ ከመቶ ዘጠኝ ቀርቶታል፣ ሰማያዊው ክፍት ነው። ይህ ሲደርስሽ ደውዪልኝ። ስለ ብርድ አልጠይቅሽም።